ስለ ሕፃናት የእጅ ጽሕፈት

ጽሕፈት ለሰው ልጅ ከተሰጡት ጥበባት መካከል ከፍ ያለ ስፍራ ያለው መሆኑን የማያውቅ የለም። በቃል የተነገረው ከነፋስ ጋራ ሲያልፍ፥ በቀለም የተጻፈው ግን ከአባት ወደ ልጅ፥ ከልጅም ወደ ልጅ ልጅ እየተላለፈ ይኖራል። ስለዚህም መንግሥት ትምህርት ቤት ሲከፍት፥ ወላጅም ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲልክ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ተስፋ የሚያደርገው ሕፃኑ ማንበብና መጻፍ ይችል ዘንድ ነው። ነገር ግን ከዚሁ ከጽሕፈት ክብር የተነሣ አንድ ስሕተት ገብቶ ይገኛል፤ ይኸውም የእጅን ጽሕፈት የአእምሮ መለኪያ አድርጎ መቍጠር ነው። ፊደሉ የተጣመመበትን፥ ጽሕፈቱ ከመስመር የወጣበትን፥ ጓደኞቹ ጽፈው ሲጨርሱ እርሱ ገና ከእኩሌታ ያልደረሰውን ሕፃን፥ አንዳንዱ መምህር፥ አንዳንዱም ወላጅ፥ ሰነፍ ነው ወይም አእምሮው የደከመ ነው ብሎ ይፈርድበታል። ይህ ፍርድ እውነት አለመሆኑን፥ በሕፃኑም ላይ በአገርም ላይ የሚያመጣው ጉዳት ቀላል አለመሆኑን ልብ ብሎ መመልከት ይገባል።

ነገሩ በኢትዮጵያ በየስፍራው የሚገኝ ቢሆንም፥ በአሶሳና በጠቅላላው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ግን ይልቁን ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በዚያ አገር በአንድ ሕፃን እጅ ላይ የሚወድቀው ሸክም ብዙ ነውና። በክልሉ በርታ፥ ጉሙዝ፥ ሺናሻ፥ ማኦና ኮሞ የሚባሉት ሕዝቦች ከአማራው፥ ከኦሮሞውና ከሌላውም ወገን ጋራ አብረው ይኖራሉ። የክልሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለ ሆነ ሕፃኑ የግዕዝን ፊደል ይማራል። የበርታ፥ የጉሙዝና የሺናሻ ቋንቋዎች ደግሞ በላቲን ፊደል እንዲጻፉ ስለ ተደረገ፥ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚማረው ልጅ ይህንንም ፊደል ማወቅ ያስፈልገዋል፤ እንግሊዝኛም በዚሁ ፊደል ይጨመርበታል። ከበርታ ሕዝብም ብዙው የእስልምና ሃይማኖት ተከታይ ስለ ሆነ፥ የቍርዓን ትምህርት የሚማረው ልጅ ከዐረብ ፊደል ጋራ ይተዋወቃል። እንግዲህ ሁለቱን ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ፥ አንዱን ከቀኝ ወደ ግራ የሚጽፍ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ፥ አንዳንድ ጊዜ ፊደሉን ቢያዞር ወይም ከየት እንደሚጀምር ቢጠፋው ሊያስደንቅ አይገባም። በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ብዙ ሰው በኩርሙክ በኩል ተሰዶ ወደዚሁ ክልል ገብቷል፤ ከነዚያም ጋራ የመጡት ልጆች የመጀመሪያ ፊደላቸውን በዐረብኛ የቈጠሩ ናቸው።

የግዕዝ ፊደል ራሱ ለሕፃን እጅ ቀላል አይደለም። በአማርኛ 33 ፊደላት እያንዳንዳቸው በሰባት ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ከዚህ ያልፋሉ። አንዱን ድምፅ ከሌላው የሚለየውም እጅግ ታናሽ ምልክት ነው። ለምሳሌ የካዕቧ «ቡ» ምልክት በጎኗ መካከል ትወጣለች፤ የሣልሷ «ቢ» ምልክት ግን ከእግሯ በታች ትውላለች። «ቡ» ለመጻፍ ያሰበ ሕፃን እጁ ጥቂት ዝቅ ቢልበት «ቢ» ጽፎ ይገኛል። መምህሩም ደብተሩን ሲያርም ይህ ልጅ ካዕቡን ከሣልሱ አይለይም ብሎ በቀይ ይሰርዝበታል። ይሁን እንጂ ያው ልጅ በቃሉ ቢጠየቅ ሁለቱን ያለ ምንም ስሕተት ለይቶ ሊያነብ ይችላል። ስሕተቱ የእጅ እንጂ የእውቀት አይደለምና። በላቲኑም ፊደል እንዲሁ ነው፤ አንዲቱ ቅርጽ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ፥ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በመዞር ብቻ ሌላ ድምፅ ትሆናለች።

በዚህ ነገር የመረመሩ ሐኪሞችና የትምህርት ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ መጻፍ አንድ ሥራ ይምሰል እንጂ ብዙ ሥራዎች በአንድነት የሚሠሩበት ነው። ሕፃኑ የቃሉን ድምፅ ይለያል፤ ለድምፁ የሚስማማውን ፊደል ከትዝታው ያወጣል፤ የፊደሉን ቅርጽ በዓይነ ኅሊናው ይሥላል፤ ጣቶቹንና ክንዱን አዝዞ ያንቀሳቅሳል፤ ዓይኑም መስመሩን እየጠበቀ እጁን ይመራል። ከነዚህ አንዱ ቢደክም የጽሕፈቱ መልክ ይበላሻል። ችግሩ ሲጸና ሊቃውንቱ ዲስግራፊያ ብለው ይጠሩታል። እጅና እግርን አስማምቶ የማንቀሳቀስ ችግር ያለባቸው ልጆችም አሉ፤ ይህ ችግር ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 11 ዓመት ከሆናቸው መቶ ልጆች በአምስቱ ወይም በስድስቱ ላይ እንደሚገኝ በዓለም የሕክምና መጻሕፍት ተመዝግቧል። ስለዚህ ስድሳ ልጆች በሚማሩበት ክፍል ውስጥ ሦስት ያህል እንዲህ ያሉ ልጆች ቢገኙ እንግዳ ነገር አይደለም። ፊደል መጻፍ ሳያስቡት የሚሠሩት ልማድ ካልሆነለት፥ የሕፃኑ አሳብ ሁሉ በፊደሉ ቅርጽ ላይ ያልቃል፤ ለዐረፍተ ነገሩ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በቃሉ ረጅም ተረት አሳምሮ የሚተርክ ልጅ፥ ጻፍ ሲሉት ሦስት ቃል ብቻ ጽፎ የሚገኘው ስለዚህ ነው።

ይህ ማለት ግን ጽሕፈቱ ያላማረ ልጅ ሁሉ እንዲህ ያለ ችግር አለበት ማለት አይደለም። አንዱ ዓይኑ ደክሞ ሰሌዳውን አጥርቶ የማያይ ይሆናል፤ ሌላው ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ እርሳስ ይዞ የማያውቅ ይሆናል፤ ሌላው የሚሰማው ቋንቋ ገና ያልገባው ይሆናል፤ ሌላው ግራኝ ሆኖ ሳለ በግድ በቀኙ እንዲጽፍ የተደረገ ይሆናል። በመተከል በኩል ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በተነሣው ሁከት ከቀያቸው የተፈናቀሉ፥ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉም ደብተራቸውን ያስቀመጡ ልጆች አሉ፤ ከነዚህ ብዙዎቹ እጃቸው የሚፈታበትን ጊዜ አጥተዋል። ምክንያቱ ልዩ ልዩ ሲሆን ቅጣቱ አንድ መሆኑ ከፍትሕ የራቀ ነው። መምህር አስቀድሞ መርምሮ ምክንያቱን ማወቅ አለበት።

የእጅ ጽሕፈትና እውቀት ሁለት ልዩ ነገሮች መሆናቸው ደግሞ አዲስ የመጣ አሳብ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ሊቃውንት ሁሉ ይህን ያውቁታል። በንባብ ቤት ልጁ ፊደል ቈጥሮ፥ አቡጊዳን አልፎ፥ ወንጌልን አንብቦ፥ ዳዊት ሲደግም የሚመረመረው በዓይኑና በአንደበቱ ነበር እንጂ በእጁ አልነበረም። በቅኔ ቤትም ተማሪው ቅኔውን በልቡ ቈጥሮ ለመምህሩ በቃሉ ያሰማል፤ መምህሩም የሚያርመው ምሥጢሩንና ቤቱን እንጂ የፊደሉን ማማር አይደለም። ቍም ጽሕፈት ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። ያን ሙያ የሚፈልግ ብራና መፋቅን፥ ቀለም መበጥበጥን፥ ብርዕ መቅረጽን፥ መስመር ማስመርን ከባለሙያ ዘንድ ተቀምጦ በብዙ ጊዜ ይማር ነበር። መጽሐፍ የሚተረጕም ታላቅ መምህር ጽሕፈት ባይሆንለት ሊቅነቱን የሚጠራጠር ሰው አልነበረም። በመሳፍንቱና በነገሥታቱም ዘንድ እንዲሁ ነበረ፤ ቃሉ የንጉሡ፥ እጁ የጸሐፊው ነውና፥ ጸሐፌ ትእዛዝ የሚባለው ማዕረግ የተሠራው ለዚህ ነው።

ከመጻሕፍትም ቢፈለግ ምስክር አይጠፋም። ነቢዩ ኤርምያስ ቃሉን እየነገረው በመጽሐፍ ጥቅልል ላይ የጻፈው ባሮክ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች የላከውን መልእክት በእጁ የጻፈው ጤርጥዮስ የሚባል ሰው መሆኑ በዚያው መልእክት መጨረሻ ተገልጿል። ስለዚህ የነቢዩ ነቢይነት፥ የሐዋርያውም ሐዋርያነት የቀነሰ አይደለም። በቍርዓን ትምህርትም ቢሆን፥ መጽሐፉን በሙሉ በልቡ የያዘ ሓፊዝ የሚከበረው በልቡ ስለ ያዘው ነው እንጂ ስለ እጁ ጽሕፈት አይደለም። እንግዲህ የክርስቲያኑም የእስላሙም አባቶች እውቀትን በቃል ሲመዝኑ ከኖሩ፥ የአሶሳ መምህር የአንድን ሕፃን እውቀት በቃሉ ቢጠይቅ ከአባቶች ልማድ የወጣ አይሆንም። እርግጥ የጥንቱ ትምህርት አለንጋ የበዛበት ነበር፤ ከጥንቱም መወሰድ ያለበት መልካሙ ብቻ ነው።

በዛሬው ትምህርት ቤት ግን ሁሉ ነገር በደብተር ላይ የተመሠረተ ሆኗል። በ1992 በአውሮፓ አቈጣጠር በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፥ የአንደኛ ደረጃ ልጆች ከትምህርት ቀናቸው ከመቶ ከ31 እስከ 60 እጁን የሚያሳልፉት በጣት ሥራ ነው፤ ከዚያም የሚበዛው ጽሕፈት ነው። መጽሐፍ በማይበቃበት የገጠር ትምህርት ቤት ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ መምህሩ ትምህርቱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፥ ልጆቹም ይገለብጣሉ። እጁ የዘገየበት ልጅ እኩሌታውን ሳይጽፍ ሰሌዳው ይጠረጋል። ማታ የሚያጠናው ጐዶሎ ደብተር ነው፤ በፈተናም ቀን የሚጠየቀው ያልጻፈውን ነው። ከዚህ የተነሣ በእጁ የጀመረው ድካም ወደ ሒሳቡም፥ ወደ ሌላውም ትምህርት ይተላለፋል። ከዚያም ልጁ ይሣቅበታል፤ መቶ ጊዜ ጻፍ ተብሎ ይቀጣል፤ ይባስ ብሎም ጣቱን የሚመታው አይጠፋም። በመጨረሻም ትምህርት ለኔ አይሆንም ብሎ ወደ እርሻ ወይም ወደ ወርቅ አጠባ ይሄዳል። አንድ ትምህርት ቤት ለማቆም ብዙ ድካም በሚጠይቅ አገር፥ በሩ ውስጥ የገባውን ልጅ በእርሳስ ምክንያት መልሶ ማስወጣት ታላቅ ኪሣራ ነው። በትምህርት ቤት ልጅን መምታትም በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የተከለከለ መሆኑን ማንም መምህር መርሳት አይገባውም።

ታዲያ ምን ይደረግ ቢባል፥ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ ሳይሆን ብዙ ማስተዋል ነው። በመጀመሪያ አቀማመጡ ይስተካከል። እግሩ መሬት ያልነካ፥ ክርኑም ከጠረጴዛው ያልደረሰ ልጅ አጥብቆ ሊጽፍ አይችልም፤ ለአጭሩ ልጅ ከእግሩ በታች ድንጋይ ወይም እንጨት ማኖር ይበቃል። እርሳሱን በሦስት ጣት እንዲይዝ፥ እጅግም እንዳይጫነው ቀስ ብሎ ማሳየት ነው። ሁለተኛ ፊደሉ በቅርጹ እየተመደበ ይሰጠው፤ ቅርጻቸው የሚቀራረበውን አንድ ላይ፥ ከቀላሉ ወደ ከባዱ እየወጡ፥ አስቀድሞ በአየር ላይ፥ ቀጥሎም በአሸዋ ላይ በጣት፥ ከዚያም በሰሌዳ ላይ በጠመኔ በትልቁ፥ በመጨረሻም በደብተር ላይ መጻፍ ይልመድ። የግዕዝ ፊደል እንደ ፈረንጆቹ የተያያዘ ጽሕፈት ሳይሆን እያንዳንዱ ለብቻው የሚቆም መሆኑ ለዚህ ይረዳል። በአንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከማድከም ይልቅ በየቀኑ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ማለማመድ ይበልጣል። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ጽሕፈት ግን ለቅጣት አይታዘዝ፤ የተቀጣበትን ነገር የሚወድ ልጅ የለምና።

የአሶሳ አገር ደግሞ ለሕፃን ጣት መልመጃ የሚሆን ሀብት አለው። በቈላ ቀርከሃ ወይም በሽመል ደን የታወቀ አገር ነው። ቀርከሃ መሰንጠቅን ለትልቅ ሰው ትቶ፥ ልጁ የተሰነጠቀውን ቢጐነጕንና ቢሸምን፥ ከጭቃም ልዩ ልዩ ቅርጽ ቢሠራ፥ ዶቃ በክር ቢሰካ፥ እርሳስ የሚይዙት ጣቶቹ ይጠነክራሉ። ይህ በቤት ውስጥ እናትና አያት የሚያውቁት ሥራ ስለ ሆነ፥ ወላጅ ማንበብ ባይችል ስንኳ ልጁን ለመርዳት አያግደውም።

ሦስተኛው የግራኝ ልጅ ነገር ነው። በዓለም ላይ ከአሥር ሰው አንዱ ያህል ግራኝ እንደ ሆነ በጥናት ታውቋል። ቀኝ እጅ ለማዕድና ለሰላምታ የተለየ መሆኑ በክርስቲያኑም በእስላሙም ዘንድ የታወቀ ልማድ ነው፤ ያም ልማድ በክብሩ ይኑር። እርሳስ ግን ማዕድ አይደለም። በግራው የሚቀናውን ልጅ በቀኙ ጻፍ ብሎ ማስገደድ፥ ቀኝ እጁ የሚቀናውን ሰው በግራህ ጻፍ ብሎ እንደ ማስገደድ ያለ ነው። ለዚህ ልጅ ከረጅሙ ወንበር በግራ ጫፍ ማስቀመጥ፥ ክርኑ ከጎረቤቱ ክርን ጋራ እንዳይጋጭ ያደርጋል፤ ደብተሩንም የላይኛውን ጫፍ ወደ ቀኝ ጥቂት ዘንበል ቢያደርግለት የጻፈውን በእጁ አይሸፍነውም።

አራተኛውና ዋናው ነገር፥ የጽሕፈት ማርክና የእውቀት ማርክ ይለያዩ። በሒሳብ ፈተና የሚመዘነው ሒሳቡ ነው፤ በኅብረተሰብ ትምህርትም የሚመዘነው ልጁ ስለ አገሩ ያወቀው ነው። እጁ ለዘገየበት ልጅ ተጨማሪ ጊዜ መስጠት፥ ወይም ጥያቄውን በቃሉ እንዲመልስ ማድረግ፥ ሰሌዳው ላይ ያለውንም ጽሕፈቱ ከሚፈጥን ጓደኛው ደብተር እንዲያሟላ መፍቀድ፥ መምህሩን አያደክመውም።

በዚህ ላይ የሚከራከር አይጠፋም። ይህ ሁሉ ከተፈቀደ ልጆቹ ሰነፎች ይሆናሉ፤ ነገ በመሥሪያ ቤት ተቀምጠው ደብዳቤ መጻፍ የማይችሉ ሰዎች ይበዛሉ የሚል ይኖራል። ሌላውም በተቃራኒው፥ ዛሬ በስልክና በኮምፒዩተር ይጻፋል፥ የእጅ ጽሕፈት ከእንግዲህ ምን ያደርጋል ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ለፊተኛው የሚሰጠው መልስ፥ የተባለው የእጅ ትምህርት ይቅር ሳይሆን በሚገባ ይሰጥ መሆኑ ነው፤ በሥርዐት የተሰጠ የእጅ ጽሕፈት ትምህርት የፊደሉን መልክ ብቻ ሳይሆን የድርሰቱንም ጥራት ከፍ እንደሚያደርግ ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው አሳይተዋል። በቃል መጠየቁም እጁ እስኪፈታ ድረስ እውቀቱ እንዳይቀር የሚያሻግር ድልድይ ነው። ለኋለኛው ደግሞ የስዊድን አገር ምሳሌ ይበቃዋል፤ ያ አገር በኮምፒዩተር ትምህርት እጅግ ርቆ ከሄደ በኋላ፥ በ2015 ዓ.ም. መንግሥቱ ሕፃናት ወደ ታተመ መጽሐፍና ወደ እጅ ጽሕፈት እንዲመለሱ አድርጓል። መብራትና ኮምፒዩተር በየትምህርት ቤቱ ባልተዳረሰበት አገር እርሳስን መናቅ ከቶ አይገባም።

ሕጉና መመሪያው የጐደለ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች እንደ ችሎታቸው እንዲማሩ አዝዟል፤ በዚያው ዓመት በስፔን አገር በሳላማንካ ከተማ የተሰበሰቡት መንግሥታትም ልጆች ሁሉ በአንድ ትምህርት ቤት አብረው እንዲማሩ ተስማምተዋል። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስጠብቀውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ሆኖም ልዩ ፍላጎት ሲባል የብዙ ሰው አሳብ ወደ ዓይነ ስውሩና መስማት ወደ ተሳነው ልጅ ብቻ ይሄዳል። የነዚያ ነገር የሚገባ ሆኖ ሳለ፥ ጤነኛ መስሎ እየታየ በእርሳሱ ብቻ የሚቸገረው ልጅ ተረስቶ ይቀራል። ጉዳቱ ስላልታየ ስንፍና ተብሎ ይጠራል።

ስለዚህ የክልሉ የትምህርት ሹማምንት ሦስት ነገር ቢያደርጉ ፍሬው ቶሎ ይታያል። አንደኛ፥ በጊልገል በለስ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ በሚሠለጥኑት፥ በአሶሳ ዩኒቨርሲቲም ስለ ትምህርት በሚያጠኑት ዘንድ፥ የእጅ ጽሕፈትን የማስተማር ብልሃትና የተቸገረውን ልጅ ለይቶ የማወቅ ጥበብ ራሱን የቻለ ትምህርት ይሁን። ሁለተኛ፥ የጽሕፈትና የእውቀት ማርክ ተለይቶ እንዲሰጥ፥ በቃል መጠየቅም እንዲፈቀድ የሚያዝዝ ደብዳቤ ለርእሳነ መምህራን ይጻፍ፤ ብቻውን የቀረ መምህር ደግ ነገር ሊያደርግ ቢፈልግ ስንኳ ተቈጣጣሪው ሲመጣ ምን ይለኛል ብሎ ይፈራልና። ሦስተኛ፥ ሕፃኑ አንዱ ፊደል በእጁ ሳይረጋ ሌላው እንዳይደረብበት፥ የአፍ መፍቻ ቋንቋና የአማርኛ መምህራን ተመካክረው ያስተምሩ።

ካህናቱና የእስልምና መምህራንም ድርሻቸው ታናሽ አይደለም። በአሶሳ ገጠር ወላጅ ከትምህርት ሹም ይልቅ የሚሰማው የሃይማኖት አባቱን ነው። ልጅህ እጁ ቢዘገይ አእምሮው አልዘገየም፤ አትምታው፥ ከትምህርት ቤትም አታስቀረው የሚለው ቃል ከካህን ወይም ከሸኽ አፍ ሲወጣ ይሰማል። ግራኝነት ኃጢአት አለመሆኑንም ከነርሱ የተሻለ የሚያስረዳ የለም። እነርሱ ራሳቸው በቃል ተምረው፥ በቃል ተመርምረው ያደጉ ናቸውና፥ የእጅ ድካም እውቀትን እንደማያግድ ሕያዋን ምስክሮች ይሆናሉ።

ብርዕ የሚቀረጸው በስለት ቢሆንም የሚቀርጸው ሰው ቀስ ካላለ ይሰነጠቃል። የሕፃንም እጅ እንዲሁ ነው። ዛሬ በአሶሳ በአንዱ ክፍል በኋለኛው ወንበር ተቀምጦ ጐዶሎ ደብተሩን በክንዱ የሚሸፍነው ልጅ፥ ነገ መምህር ወይም ዳኛ ወይም ሐኪም ሊሆን ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን በዙሪያው ያሉት ታላላቆች የእጁን መዘግየት ከአእምሮው ለይተው ሲያዩለትና እጁ እስኪፈታ ድረስ በትዕግሥት ሲጠብቁት ነው።